ስኳር የተጠቀለለበት ወረቀት

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ጻፍኩ የምለው የሱቅ ዕቃ ዝርዝርና ማንበብ ለማይችሉ እናቶች የጻፍኩላቸው ጥቂት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ አጻጻፌ ቢንገዳገድ ታገሱኝ። ይህን ነገር ለዓመታት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ለሰው በአፌ ልነግር ጀምሬ ጨርሼ አላውቅም። በወረቀት የመጣብኝን ነገር በወረቀት ባወጣው ይሻላል ብዬ ነው የጀመርኩት።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የተወለድኩት ከጅጋ አንድ ሰዓት ያህል በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ ቤተሰቤ ከዚያ በላይ ሊያስተምረኝ ስላልቻለ ፍኖተ ሰላም አክስቴ ዘንድ ገባሁ። እትዬ ጥሩዓለም ይባላሉ። ከገበያው መግቢያ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው፤ ስኳር፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ሻማ፣ ክብሪት ይሸጣሉ። እኔ እመዝናለሁ፣ እጠቀልላለሁ። ማውራት የእሳቸው ነው።

ዓይነ አፋርነቴን ለማወቅ ይህችን ብቻ ስሙ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ «አቤት» የምለው ድምፄ ከከንፈሬ አያልፍም ነበር፤ ስለዚህ መምህሮቼ «ቀሪ» ብለው ይመዘግቡኛል። አንድ ዓመት እናቴ ተጠርታ ልጅሽ ትምህርት ቤት አትመጣም ተብላ አልቅሳለች። እኔ ግን አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም።

ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል መምህር ደምሌ የሚባሉ ሰው ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀይ፣ ሲሄዱ ጎንበስ የሚሉ ሰው ናቸው። ቀደም ሲል ጅጋ አስተምረዋል፤ እዚያ ሳሉ ለገበሬዎች ፊደል ያስቆጥሩ እንደነበር ሰምቼ ነበር። በየመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ የታረመ የፈተና ወረቀት በካርቶን አድርገው ጓዳችን ውስጥ ያስቀምጡልናል። ለመጠቅለያ ነው። አክስቴም በለውጡ ክብሪትና ሻማ ሲያልቅባቸው አይነፍጓቸውም። ጨው የገዛ ሰው ሁሉ የአንዱን ተማሪ ውጤት ይዞ ነበር ወደ ቤቱ የሚሄደው።

የምርጫው ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት ምርጫ ማለት ለእኔ እናቴ ተሰልፋ የምትመጣበት አንድ ቀን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ግን በሬዲዮ ሰዎች ይከራከሩ ጀመር። ሱቃችን በር ላይ ቆመው የሚያዳምጡ ሰዎች የማያውቁት ሰው ብቅ ሲል ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞሩታል። ከሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ የተቃዋሚው ፓርቲ ወረቀት ኪሱ ውስጥ ተገኘ ተብሎ ተወሰደ። ሚስቱ በየጠዋቱ ስንቅ ይዛ በሱቃችን በር ታልፋለች። አክስቴ ባዩዋት ቁጥር ዓይናቸውን ወደ ሚዛኑ ይመልሳሉ።

አንድ ዓርብ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ መምህር ደምሌ ካርቶን ተሸክመው ወደ ጓዳ ሲገቡ አየሁ። ምንም አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነው። ገና ሱቁን ስንከፍት አክስቴ፣ «ባንችዬ፣ መጠቅለያው አልቋል፤ ከጓዳ አምጪ» አሉኝ። ገባሁ። ያን ካርቶን ከፈትሁ። ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ ያልተጨማደደ። ጥቂት ዘግኜ ይዤ ወጣሁ።

የመጀመሪያዋ ገዢ እማማ ዘርፌ ነበሩ፣ የመንደራችን ሰው። የዕለቱን የመጀመሪያ ገዢ አክስቴ አይረሱም፤ እኔም እንዳልረሳ አስለምደውኛል። የቀኑን ገበያ የሚከፍተው እሱ ነው ይላሉ። ማምሻውን ሱቁን ስንዘጋ፣ «ዛሬ ማን ከፈተልን?» ብለው ይጠይቁኛል፤ ስሙን ስነግራቸው ይመርቁታል። እማማ ዘርፌ ስኳር ገዙ። ከላይ የነበረውን ወረቀት አንስቼ እንደ ቀንድ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። ጀርባው ላይ የእጅ ጽሕፈት እንዳለው አይቻለሁ። የተማሪ መልስ መሰለኝ።

አርዕስቱን አላየሁትም ብል ውሸት ይሆናል። ረፋዱ ላይ ገዢ ቀለል ሲል አንዱን አንብቤያለሁ። ስለ አዲስ አበባ ነው፤ የዋና ከተማዋ ነዋሪ ኑሮ እንዴት እንደሚሻሻል። በየሰፈሩ የውሃ ቦኖ እንደሚበዛ፣ በአንድ ግቢ ለሚኖሩ ሰዎች የጋራ መጸዳጃ ቤት እንደሚሠራ፣ ደጅ ለሚያድሩ መጠለያ፣ በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጆች ትምህርት። እኔ የጂኦግራፊ ትምህርት መስሎኝ ነበር። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ጄሪካን ተሸክሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አዲስ አበባም እንዳለ አላውቅም ነበር። ከግርጌ በደቃቁ የተጻፈውን የፓርቲውን ስም ግን አላነበብኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መምህር ደምሌ ክብሪት ፈልገው መጡ። እኔ ለአንድ ገበሬ ጨው እየጠቀለልኩ ነበር። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩ። ገበሬው እስኪሄድ ጠበቁ።

«ባንቻየሁ፣» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይህን ወረቀት ከየት አመጣሽው?»

«ከጓዳ።»

«ከየትኛው ካርቶን?»

«እርስዎ ትናንት ካስገቡት። የፈተና ወረቀት መስሎኝ።»

በባንኮኒው ላይ ተንጠራርተው የቀረውን ወረቀት አንድ በአንድ ገለበጡ። ወደ ጓዳ ገቡ፣ ካርቶኑን አገላበጡ፣ ተመልሰው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ከሁሉም በላይ የነበረውስ? ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈበት?»

«ሄዷል» አልኩ።

የጨው ከረጢት ላይ ቁጭ አሉ። አክስቴ ከጓሮ ሲገቡ እንደዚያ ተቀምጠው አገኟቸው። ያኔ ነው የነገሩን። አዲስ አበባ ያለ ወንድማቸው ነው ወረቀቱን የላከው፤ ለፓርቲው ይሠራል። በአንዱ ወረቀት ጀርባ ላይ ደብዳቤ ጽፎላቸዋል። «ይድረስ ለወንድሜ ለመምህር ደምሌ» ብሎ ይጀምራል፤ ወረቀቱን ለሚያምኗቸው ሰዎች እንዲያድሉ ይጠይቃል። መምህር ደምሌ ለማደል ፈርተው፣ ለማቃጠልም ሳስተው፣ ደብዳቤውን መልሰው ከላይ አድርገው፣ የፈተና ወረቀት እንዲመስል ጓዳችን ውስጥ ደብቀውታል።

«ሌላው ምንም አይደል፤ በኪሎ የተገዛ አሮጌ ወረቀት ነው ማለት ይቻላል» አሉ። «ያኛው ግን ስሜን ይዞ ነው የሄደው።»

«ምን አደረግሁህ?» አሉ አክስቴ። «ባሌን ቀብሬ፣ ይችን ሱቅ በጥርሴ ይዤ የቆምኩ ሴት ነኝ። እሳት ጓዳዬ ውስጥ ስታስቀምጥ አንዲት ቃል አትናገርም?» ከዚያ ቀን በፊት መምህሩን «እርስዎ» እንጂ «አንተ» ብለዋቸው አያውቁም።

«ቢያውቁ ይጨነቃሉ ብዬ ነው።»

«አሁን አልተጨነቅሁም?»

የቀረውን ወረቀት ጓሮ ወስደን አቃጠልነው። ገና ጭሱ ሳይበርድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር በሱቁ በር ቆመ። በእጁ አንድ ወረቀት ይዟል፤ እጥፋቱ ውስጥ የጨው ፍሬ ያብለጨልጫል።

«እትዬ ጥሩዓለም፣ ደኅና ዋሉ? ከመቼ ወዲህ ነው ፖለቲካ በሚዛን መሸጥ የጀመሩት?»

አክስቴ ሊስቁ ሞከሩ። «ኧረ ምን ፖለቲካ አውቃለሁ ጌታዬ።»

«ምሽቴ ናት ከእርስዎ ሱቅ ጨው ገዝታ ያመጣችልኝ። ገበያውን ስዞር ደግሞ አንዱ አዝሙድ፣ አንዱ ስኳር ቋጥሮበት አየሁ። ከየት ነው የመጣው?»

«በኪሎ የተገዛ መጠቅለያ ነው።»

«ከማን?»

«ከገበያ ነዋ። ወረቀት የሚሸጥ ሰው ስም ማን ይጠይቃል?»

አየር ሳብ አደረገ። «ምን ይሸታል?»

«የጓሮ ቆሻሻ ነው» አሉ አክስቴ። ጨርቅ አንስተው ሚዛኑን መወልወል ጀመሩ።

«መልካም» አለ። «ነገ ሚሊሻዎች በየጎጡ እየዞሩ ይሰበስቡታል፤ ለገጠሩም መልእክት ልከናል። እያንዳንዱን ወረቀት እናየዋለን። ሰኞ ጠዋት ሁለታችሁም ቢሮ ኑ። እስከዚያ የሻጩን ስም አስታውሱ።» ወደ እኔ ዞረ። «ይች ደግሞ አትናገርም እንዴ?»

ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ መሬት መሬቱን አየሁ።

እሱ ከሄደ በኋላ አክስቴ የሱቁን በር ገፋ አድርገው እንደየቀኑ ጠየቁኝ። «ባንችዬ፣ ዛሬ ማን ከፈተልን?»

«እማማ ዘርፌ ናቸው።»

ከጓዳ የወጡት መምህር ደምሌ ቀና አሉ፤ ደብዳቤው ያለው እማማ ዘርፌ ቤት ነው። መሄድ የምችለው እኔ ብቻ እንደሆንኩ ሦስታችንም ገባን። እሳቸው ቢሄዱ በመንገድ ላይ ይታያሉ፤ አክስቴ ቢሄዱ ሱቁ ይዘጋል፣ ለምን ተዘጋ ይባላል። እኔ ግን እሑድ እናቴን ልጠይቅ ብሄድ ማንም አይገረምም። መኖሬን እንኳ ልብ የሚል ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ በሚኒባስ ጅጋ ወረድኩ። ከመናኸሪያው አጠገብ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሚሊሻዎች አንድ ሽማግሌ አስቁመው ስልቻቸውን ይፈትሻሉ። ሽማግሌው፣ «ኧረ ልጆቼ፣ ጨው ነው፤ ጨው ምን አጠፋ?» ይላሉ። አንደኛው ወረቀቱን ወስዶ ጨውን በሽማግሌው መዳፍ ላይ ገለበጠላቸው። ሽማግሌው ጨው እንደያዙ፣ የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቆመው ሲቀሩ እያየሁ አለፍኩ። ልጅ ሆኜ ስመላለስበት በኖርኩት መንገድ ላይ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሰው መሰለኝ።

የእናቴን ቤት በሩቁ እያየሁ አለፍኩና እማማ ዘርፌ ግቢ ገባሁ። ደጅ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ።

«ውይ፣ የስኳሯ ልጅ» አሉኝ። «እንደምን መጣሽ? ግቢ፣ ግቢ።»

ገባሁ። ወረቀቱን ለመጠየቅ አፌን ስከፍት አየሁት። ከምሰሶው አጠገብ፣ አዲስ በተለቀለቀ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የታተመው ወደ ውጭ ነው፤ ደብዳቤው ወደ ግድግዳው።

«ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው የለጠፍኩት» አሉ እማማ። «በስንዴ ሊጥ ነው፤ አይለቅም። ዲያቆኑ ትናንት መንገድ ላይ አነበበልኝ። የይታይሽን ከተማ ነገር ነው አለኝ።»

ይታይሽ የመጨረሻ ልጃቸው ናት። አዲስ አበባ በሰው ቤት ልትሠራ ሄዳ ሁለት ዓመት ድምጿ ጠፍቷል።

«እማማ፣ ይህን ወረቀት ቢሰጡኝ» አልኩ።

«ምነው? ለምን?»

«ክፉ ወረቀት ነው። ሰው ይታሰርበታል።»

ሳቁ። «ውሃ እናመጣለን የሚል ወረቀት ነው ክፉ? አልሰጥሽም ልጄ። ልጄ ያለችበትን አገር ስም ከቤቴ ግድግዳ አላነሳም። ይልቅ አንብቢልኝ። ዲያቆኑ ሲያነብ ቸኩሎ ነበር። ሙላትም ያነባል፤ ጅጋ የነበረው ያ ቀዩ፣ ረጅሙ መምህር ነው ፊደል ያስቆጠረው። ግን ጠመንጃ ከያዘ ወዲህ ጊዜ የለውም።»

ሙላት የበኩር ልጃቸው ነው። ሚሊሻ መሆኑን ያኔ አስታወስኩ። የጅጋው ረጅም ቀይ መምህር ማን እንደሆኑም ገባኝ።

በዓይኔ በሩን እየጠበቅሁ አነበብኩላቸው። የሰው ቤት ሠራተኞች ትምህርት የሚለው ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። «ይታይሽ ትማራለች ማለት ነው?»

«ከተመረጡ ነው እማማ።»

«ታድያ ለምን አይመረጡም?»

ውሻው ጮኸ። ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ገቡ፤ ፊተኛው በዕድሜ የገፉ የሚሊሻው አዛዥ፣ አያ በላይነህ፣ ኋለኛው ሙላት። ጠመንጃቸውን ምሰሶው ላይ አስደገፉ። ከወረቀቱ በክንድ ርቀት ላይ።

«እንዴት ዋላችሁ?» አሉ አያ በላይነህ። ከዚያ ግድግዳውን አዩ። «ይኸው። አዛዡ ደጁን ሁሉ ሲያስስ፣ የራሱ ሚሊሻ እናት ቤት ሥዕል ሆኖ ተሰቅሏል። ምን ይላል፣ ሙላት? እኔ ዓይኔ ለንባብ አልተሠራም።»

ሙላት ቀርቦ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። የመጸዳጃ ቤቱ ላይ ሲደርስ አያ በላይነህ ሳቁ። «የአዲስ አበባ ሽንት ቤት ለእኛ ለጃቢ ገበሬዎች ምን ያደርግልናል? እኛ ጫካው መች ጠበበን። አንሳው፤ እንሂድ።»

«አይነሳም» አሉ እማማ ዘርፌ። ተነስተው ከወረቀቱ ፊት ቆሙ። «በላይነህ፣ ያንተ ልጆች አጠገብህ ናቸው። የኔን የወሰደ አገር ምን እንደሚመስል ልወቅበት።»

«እታለም፣ ታዝዤ ነው።»

«ማን አዘዘህ? ያዘዘህ ሰው ልጁ የት ናት?»

አያ በላይነህ ወደ እኔ ዞሩ። «አንችስ የማን ነሽ? ወረቀቱ ፊት ምን ታደርጊያለሽ?»

«አንብቢልኝ ብያት ነው» አሉ እማማ።

«እሷን ነው የጠየቅሁት። ይህን ወረቀት ማን እንደጠቀለለው ታውቂያለሽ?»

ነጠላዬ እንደ ልማዱ አፌ ላይ ነበር። ዝም ብል እማማን ሊይዟቸው ይችላሉ። ብናገር ደግሞ ከየት አመጣሽው ይሉኛል። አንድ ነገር ብቻ ታየኝ፤ የቀዩ መምህር ጎንበስ ያለ አካሄድ። ነጠላውን አወረድኩት።

«እኔ ነኝ የጠቀለልኩት» አልኩ። ድምፄ ቤቱን ሞላው። እኔ ራሴ ደነገጥኩ። «የመጠቅለያ ወረቀት ነው፤ ተከምሮ አገኘሁት፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እማማ ስኳር ገዙ እንጂ ሌላ አያውቁም።»

አያ በላይነህ አተኩረው አዩኝ። «ሰኞ ለጠሩሽ ትናገሪያለሽ» አሉ። «ሙላት፣ አንሳ።»

ሙላት እናቱን በክንዳቸው ይዞ ፈቀቅ አደረጋቸውና የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ ያዘ። ሲስበው ከግድግዳው የተለቀለቀው እበት ተፈርክሶ ወደቀ። እማማ ጮኹ። አዲስ የተለቀለቀ ግድግዳቸው ነው።

«ቆዩ» አልኩ። «በደረቁ አይሆንም። ውሃ ሲነካው ነው የሚላቀቀው።»

ማንም ሳይፈቅድልኝ ከእንስራው ቀድቼ በመዳፌ ወረቀቱ ላይ አፈሰስኩ። ደግሜ አፈሰስኩ። ከላይ እስከ ታች፣ ከሚያስፈልገው በላይ። የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ ይቀደድ፣ ይበጣጠስ፣ ጭቃ ይሁን። ግን ጠንካራ ወረቀት ነው። ሙላት ቀስ ብሎ ሲስበው ምንም ሳይቀደድ ከነሙሉ ገላው ወጣ።

ገለበጠው።

ሊጥና እበት ተለድፎበታል፤ በመካከሉ ግን የእጅ ጽሕፈቱ ይታያል። ከቆምኩበት ቀለሙን አየሁት። ሙላት ወረቀቱን ወደ በሩ ብርሃን አዞረ። ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። እንዳነበበው አወቅሁ። ፊደል ያስቆጠሩትን ሰው ስም ነው ያነበበው። ቀና ብሎ ሲያየኝ እንደ እኔው ያለ ፍርሃት እሱም ፊት ላይ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር መምህሩ ይታሰራሉ። ባይናገርና ቢሮ ያለ ሰው ቢያነበው ደግሞ የሚታሰረው ራሱ ሙላት ነው።

«ከጀርባው ምንድን ነው?» አሉ አያ በላይነህ።

«ሊጥ ነው» አለ ሙላት።

«ጥቁር ጥቁር ነገር አየሁበት።»

«የግድግዳው እበት ነው፣ አያ። ከነእበቱ ቢሮ ልናስገባው ነው?»

ከወገቡ ቢላዋውን መዘዘ። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የታተመውን ወደ ታች አደረገና ሊጡን መፋቅ ጀመረ። ቀስ ብሎ ነው የሚፍቀው፤ ከላይ ወደ ታች፣ ፍየል ቆዳ እንደሚፋቅ። የራሰው የወረቀት ቆዳ ከሊጡ ጋር እየተጠቀለለ በቢላዋው አፍ ላይ ይከማቻል፤ እሱም ወደ ምድጃው ያራግፈዋል። ከዚያ ሰዓት ወዲህ የቢላዋ ድምፅ ስሰማ ያ መፋቅ ነው የሚታወሰኝ። አያ በላይነህ ከማዕዘኑ ጋን ጠላ ቀድተው ጠጡ። እማማ ግድግዳው ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ።

ሲጨርስ ወረቀቱ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። ከጀርባው ምንም የለም። አጥፎ ለአያ በላይነህ ሰጣቸው።

ሰኞ ከአክስቴ ጋር ቀበሌ ሄድን። ጠረጴዛው ላይ የተሰበሰበው ወረቀት ተቆልሏል፤ ዘይት የነካው፣ ጨው የበላው። ሊቀመንበሩ አንድ በአንድ እያገላበጠ አስቀመጠ። ያንን ሲያነሳ አወቅሁት። ወደ መስኮቱ አድርጎ አየው።

«ይህ ምን ሆኖ ነው የተፋቀው?»

አክስቴ ሊመልሱ ሲሉ ቀደምኳቸው። «ግድግዳ ላይ በሊጥ ተለጥፎ ነበር። ሲነሳ ነው።»

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከሌሎቹ ላይ ጣለው። «ትናገሪያለሽ ለካ» አለ። ሱቁ ለጥቂት ቀናት ታሸገ። አክስቴ ፈርመው፣ ተመክረው ወጡ። የሻጩን ስም ግን ማንም አላገኘውም።

መምህር ደምሌ ትምህርቱ እንደተዘጋ ክፍሉን ለቀቁ። አክስቴ አላስወጧቸውም፤ ቆዩም አላሏቸውም። አንድ ካርቶን ባዶ ደብተር ትተውልን ሄዱ። በአንዱ ላይ የእኔ ስም ተጽፏል። ይህን የምጽፈው በዚያ ደብተር ላይ ነው።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች ከዚያ በኋላ ደፋር ሆንኩ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልሆንኩም። እስከ ዛሬ ማንኛውንም ወረቀት ከመጠቅለሌ በፊት ከግርጌው ድረስ አነባለሁ፤ ካነበብኩ በኋላም ገልብጬ ጀርባውን አያለሁ። አዲስ አበባንም አላየሁም። ቦኖው ተሠራ አልተሠራ፣ መጠለያው ቆመ አልቆመ አላውቅም። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ስሜ ሲጠራ «አቤት» እላለሁ፤ ይሰማል። እናንተም ለመናገር የምትፈሩ ካላችሁ፣ ፍርሃቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። እኔን አልለቀቀኝም፤ ተናገርኩ እንጂ።

ሙላትን ከዓመታት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አገኘሁት። ጅጋ መናኸሪያ ላይ፣ በቆሎ የጫነ አህያ ይዞ። ጠመንጃ አልያዘም። ስለ እናቱ ጠየቅሁት። «አሉ» አለኝ፤ «ይታይሽ አልመጣችም። እማማ ያን የትምህርቱን ነገር አሁንም ሰው ባገኙ ቁጥር ይጠይቃሉ።» ለመለያየት ስንል በሆዴ የኖረውን አወጣሁት። ያን ቀን ስላነበብከውና ስላደረግኸው ነገር እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

ወደ ቀኝም ወደ ግራም አየ። አህያውን ገፋ አድርጎ አለፈኝ፤ ዞር ሳይል፣

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ እህቴ» አለኝ። «ማን ያነባል ብሎ ነገረሽ?»